በራሱ የዳነ በር

በሃያ ሁለት ዓመት የምርመራ ሥራዬ የጠፋ ዶሮ ፈልጌአለሁ፣ የጠፋ መኪና ፈልጌአለሁ፣ አንድ ጊዜም የጠፋ የሬሳ ሣጥን ፈልጌ አግኝቻለሁ። ሁለት ኩንታል የሚመዝን፣ አምስት ሜትር የሚረዝም ብረት ከሰው ሳሎን ተነሥቶ ሲጠፋ ግን ያ ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያዬ ነበር።

«እዚህ ጋ ነበር የተጋደመው» አለኝ ባለቤትየው፣ አቧራው መሃል የቀረውን ረጅም ንጹሕ መስመር በጫማው ጫፍ እያሳየኝ። ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ቁጣው አፍንጫው ላይ የሆነ ሰው ነው። «ሐሙስ ጠዋት ባለቤቴንና መንታ ልጆቼን ይዤ ወንድሜ ጋ ሄድኩ። ትናንት ተመለስን፤ ደክሞን ስለነበር ቀጥታ ፎቅ ወጥተን ተኛን። ዛሬ ሳሎኑን ብከፍተው ባዶ!»

ቤቱ አሮጌ ነው። ግድግዳው ክንድ ከስንዝር የሚሆን ድንጋይ፣ ፎቁ ደግሞ በእንጨት ወራጆች ላይ የተቀመጠ። ሰውየው ሁለት ክፍሎችን የሚለየውን ግድግዳ አፍርሶ ሳሎኑን ሊያሰፋ አስቧል፤ ግድግዳው ሲፈርስ ፎቁን የሚሸከመው ያ ብረት ነበር። ብረቱ የሚያርፍበት የሲሚንቶ መቀመጫ እስኪደርቅ ተብሎ ሥራው አራት ቀን ቆሟል። የጠፋውም በእነዚያ ቀናት ነው።

«ስድስት ጎልማሳ እያለከለከ ነው ያስገባው» አለ ባለቤትየው። «ስድስት!»

የሥራ ባልደረባዬ ሳጅኗ ሜትሯን ይዛ ከኮሪደሩ ተመለሰች። «በውጭው በር አይወጣም፤ ኮሪደሩ ይታጠፋል። የሚወጣው በገባበት በመስኮቱ ብቻ ነው።»

መስኮቱ የሚከፈት የብረት ፍርግርግ አለው። ፍርግርጉ ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ አልተሰበረም፣ አልተጫረም።

«መክፈቻው ማን ጋ ነው?»

«ፎርማኑ ጋ። እሱ ጋ ብቻ!»

ስሙ ሲነሣ ፎርማኑ በር ላይ ደረሰ። ሥራ ሊጀምር የመጣ፣ ትከሻው በሩን የሚሞላ፣ መዳፉ አካፋ የሚያክል ሰው ነው። ባዶውን ወለል አየ። ከዚያ ጥግ ወደተደረደሩት ዕቃዎች ሄደና ሁለቱን የመኪና ማንሻ ክሪኮች ትንሽ አያቸው፤ ጎንበስ ብሎ ከማቡኪያው ጠርዝ ላይ የቀረውን ሲሚንቶ በጥፍሩ ጫረ። ቀና ሲል ፊቱ ተለዋውጦ ነበር።

«ብረቱ የት ሄደ?» አልኩት።

ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፤ ከዚያ እኔን። «አላውቅም።»

«ቁልፉ አንተ ጋ ብቻ ነው?»

«እኔ ጋ ብቻ ነው።»

«ከሐሙስ እስከ ትናንት የት ነበርክ?»

«ቤቴ።»

«ማን አየህ?»

«ማንም። ሚስቴ እናቷ ጋ ናት። ልትወልድ ነው፤ የመጀመሪያችን ነው።» ወደ እኔ አንድ እርምጃ ቀረበ። «ኢንስፔክተር፣ ከመውለዷ በፊት ግን ትለቁኛላችሁ አይደል?»

ገና እይዝሃለሁ ሳልለው ነው ይህን ያለኝ። ዝም ያለ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ ነው የምል ሰው አይደለሁም። ቁልፍ ይዞ ዝም ሲል ግን ምን ላድርግ?

ከመሄዳችን በፊት በእነዚያ ቀናት እቤት የቀረውን ብቸኛ ሰው ማነጋገር ነበረብኝ። የባለቤትየው ሚስት በሳሎኑ ጫፍ ያለውን በር ከፈተችልኝ።

«አባቴ ናቸው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ጆሯቸው ከብዷል፣ ጮክ ይበሉ። ጣሪያ ሲያዩ ነው የሚውሉት። ይሄ ይሰበራል፣ ያ ይወድቃል ይላሉ፤ ዕድሜ ነው።»

ሽማግሌው አልጋቸው ጫፍ ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ተቀምጠዋል። ቀጭን ናቸው፤ ነፋስ የሚወስዳቸው ይመስላል። ክፍሉ ጠባብ፣ ኮርኒሱ ጨርቅ፣ ቁም ሣጥኑ ያለ ቦታው የቆመ። በሩ አጠገብ ካለው ረጅም የብረት መስቀያ ላይ የእሳቸው ካፖርት ተንጠልጥሏል፤ እኔም ኮቴን አጠገቡ ሰቀልኩ።

«ወንበሩ ላይ ተቀመጥ ልጄ። ቁም ሣጥኑን ብቻ አትደገፈው፤ እግሩ ተሰብሯል።»

«አባባ፣ ሰው ሲገባ ሰምተዋል?» ብዬ ጮህኩ።

«እ?»

«ሰው! ሲገባ!»

«እኔ ምን እሰማለሁ ብለህ ነው?» ጣቶቻቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው አንድ ሁለት ብለው ቆጠሩ። የጣቶቻቸው ጫፍ ተሰነጣጥቋል፤ የእርጅና ቆዳ ነው ብዬ አለፍኩት። «ዛሬ ሰኞ ነው አይደል?»

ሰኞ መሆኑን ነግሬአቸው ወጣሁ። ከላይ፣ ከሽማግሌው ክፍል በላይ ካለው የመንታዎቹ መኝታ ቤት፣ የሳቅ ድምፅ ይመጣል። ልጆቹ በሩን ሲከፍቱ ሲዘጉ፣ ሲከፍቱ ሲዘጉ ነው።

«እማዬ! በራችን ዳነ!»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ወለሉን እየፋቀ አልዘጋ ብሎን ነበር» አለች እናታቸው እያፈረች። «አየሩ ደርቆ ነው መሰለኝ።»

ፎርማኑን ይዘን ሄድን።

ማክሰኞ ሳጅኗ ከአንድ አሮጌ ብረት ገዢ ግቢ ደወለች፤ ከደስታዋ ብዛት ስልኩ አያስፈልጋትም ነበር፣ ጩኸቷ ብቻውን ይደርሰኝ ነበር። በርሬ ሄድኩ። እውነትም ረጅም ተሸካሚ ብረት ተጋድሟል። ለካነው፤ ስድስት ሜትር ሆነ። ግማሽ አካሉ ደግሞ ዝገት ነው።

«በሦስት ቀን አንድ ሜትር አላደገም መቼም» አልኳት።

«ኢንስፔክተር፣ እባክዎ ዛሬ አይቀልዱብኝ።»

ከዚያ ወደ ጎረቤት ሄድን። ግድግዳ የምትጋራቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዋ አትነሣም።

«መኪና ቆሞ ብረት ሲጫን አይተሻል?»

«መኪና? እዚህ ቅያስ ውስጥ? ብስክሌት እንኳን ተጣጥፎ ነው የሚገባው። ግን ድምፅ ነበር። ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ። ከዚያ ዝም። ከዚያ ደሞ ቀጭ። ሐሙስም አርብም ቅዳሜም። አዲስ የግድግዳ ሰዓት የገዙ መስሎኝ ነበር፤ ሰዓት ደግሞ ምሳ ሰዓት ላይ አያርፍም አልኩ።»

«መጋዝ ነው!» አለች ሳጅኗ። «ቆራርጠው ነው ያወጡት።»

ሳሎኑ ውስጥ በጉልበታችን ተንበርክከን ማግኔት ይዘን ወለሉን አሰስን። ብረት ሲቆረጥ ብናኝ ይጥላል። አንዲት ፍንጣሪ አላገኘንም። ባለቤትየው ቆሞ ያየናል፤ ጉልበቴ ያመኛል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ነገሩ ገረመኝ። አንድ ክፍል ሙሉ ሰው ያስለከለከ ክብደት እንደ ትንፋሽ ጠፍቷል።

ረቡዕ ፎርማኑን ላነጋግር ማረፊያ ቤት ሄድኩ። የሚስቱ ቀን መድረሱን ነገሩኝ፤ እሱም ያውቃል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ቶሎ ብትናገር ዛሬውኑ እሷ ጋ ትሆናለህ።»

«አውቃለሁ።» መሬት መሬት አየ። «ዛሬ ስንተኛ ቀን ነው?»

«ሦስተኛ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ።»

«የለም፣ አራተኛ ነው» አለኝ።

ሰው ሲታሰር ቀን ይምታታበታል ብዬ አላረምኩትም። ዝም ብሎ እንዳይቀር ስለ ሥራው ጠየቅኩት፤ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ሌላ ሰው ሆነ።

«ሙያ ያስተማረኝ ሰውዬ አንድ ሕግ ነበረው። ብረት ሰቅለህ፣ ዳርና ዳሩን በሲሚንቶ ጠቅጥቀህ፣ ከሥሩ ፑንቴሎ አቁመህ ትሄዳለህ።» ፑንቴሎ ማለት ጊዜያዊ ድጋፍ የሚሆን የብረት እግር መሆኑን በእጁ አሳየኝ። «ሰባት ቀን ማንም አይነካውም። በእርጥቡ ከተነካ የላዩ ሁሉ ይመጣል። በሰባተኛው ቀን ድጋፉ ይነሣል። ያን ቀን ሁላችንም ምሳችንን ከብረቱ ሥር ተቀምጠን እንበላለን። ‹እናንተ የማትቀመጡበትን ለሰው አትሥሩ› ይለን ነበር።»

«ጥሩ ሰው ነበር።»

«ነው» አለኝ። ‹ነበር› አላለም። ያኔም አልነቃሁም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ፋይሉ አርብ ከሰዓት ለዐቃቤ ሕግ እንዲሄድ አዘዘኝ። ቁልፍ አለ፣ ምስክር የለም፣ በቂ ነው አለ። ከቢሮው ወጥቼ የራሴን በር ገፋሁ፤ እንደ ወትሮው ተጣበቀ። ሳጅኗ መጥታ በእግሯ መታችው።

«ይሄ በር መቼ ነው የሚድነው?» አልኩ ተማርሬ።

«ካልተሠራ መቼም። ግድግዳው ሰምጦ ላዩ ተጫነው እኮ። በር ታሞ ራሱ አይድንም፤ ከላይ የተጫነውን አንድ ሰው ማንሣት አለበት።»

እጄ እጀታው ላይ እንዳለ ቀረ። የመንታዎቹ በር ድኗል። አየሩ ደርቆ አይደለም። አንድ ሰው ፎቁን ከሥሩ ብድግ አድርጎታል።

አርብ ጠዋት ብቻዬን ሄድኩ። ባልና ሚስቱ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፤ ሚስትየው ቁልፍ ትታልኛለች። የሽማግሌውን በር አንኳኩቼ ገባሁ፣ እንደ ልማዴ ኮቴን አወለቅኩ፣ መስቀያው ላይ ልሰቅል እጄን ዘረጋሁና ቆምኩ። የኮት መስቀያ ከወለል ተነሥቶ ኮርኒስ ውስጥ አይገባም። የኮት መስቀያ ጥርስ ያለው ማጠንከሪያ የለውም። ሰኞ ዕለት ኮቴን የሰቀልኩት ፑንቴሎ ላይ ነበር።

በጣቴ አጥንት ልመታው ስል ከኋላዬ ቀስ ያለ ድምፅ ሰማሁ።

«አትምታው ልጄ። የሚመታው ነገ ነው።»

ዞርኩ። ሰኞ ዕለት ጩኸቴን ያልሰሙት አዛውንት ዛሬ ቀስ ብዬ ማንኳኳቴን ሰምተዋል።

«ይሰማሉ ማለት ነው፣ አባባ?»

«አርባ ዓመት ድልድይና ቤት ያዳመጥኩበት ጆሮ ነው፤ የማልፈልገውን ነው የማልሰማው።» ተነሥተው በሩን ዘጉ። ከዚያ የኮርኒሱን ጨርቅ አንድ ጫፍ ከሚስማሩ አላቀቁት።

ቀና ብዬ አየሁ። ብረቱ እላዬ ላይ ነበር።

ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ቀጥ ብሎ፣ ሁለቱም ጫፉ ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን ተጠቅጥቆ ተቀምጧል። አንዱ ድጋፍ ካፖርት ለብሶ በሩ አጠገብ፣ ሌላው ቁም ሣጥኑ ኋላ ቆሟል። ሰኞ ዕለት ያለ የሌለ ጉሮሮዬን አውጥቼ ስጮህ የምፈልገው ነገር ሁለት ክንድ ከአናቴ በላይ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ማን አገዘዎት?»

«ክሪክ» አሉኝ። ጥያቄው ያስገረማቸው ይመስላል። «በክብ ቧንቧ ላይ እያንከባለልኩ አስገባሁት። ክፍሉ ያጥርበታል፣ ስለዚህ ሰያፍ አጋደምኩት። ከዚያ በአንዱ ጫፍ አራት ጣት አነሣለሁ፣ እንጨት እሰዳለሁ። ሄጄ በሌላው ጫፍ አራት ጣት አነሣለሁ፣ እንጨት እሰዳለሁ። አሥር ጊዜ አነሣና አርፋለሁ። ልቤ ሲመታብኝ እተኛለሁ። ከላይ ሲደርስ አንዱን ራስ ግድግዳው ላይ ቀድሜ በፈለፈልኩት ጥልቅ ቀዳዳ አስገባሁ፣ ሌላውን አዙሬ ወደ ቦታው ሳብኩት። ቅዳሜ ሲመሽ ጠቅጥቄ ጨረስኩ።»

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ምሳ ሰዓት ላይ የሚያርፍ ሰዓት። እነዚያን ቀጫጭን ክንዶች አየሁ። በሕይወቴ ብዙ ጉልበተኛ አይቻለሁ፤ አብዛኛውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ጉልበት ግን አይቼ አላውቅም።

«ለምን ግን?»

ከኪሳቸው የታጠፈች ቢላ አውጥተው ሰጡኝ፤ ከብረቱ በላይ ያለውን አሮጌ የእንጨት ወራጅ፣ ግድግዳ ውስጥ የሚገባበትን ጫፍ አሳዩኝ። ወንበር ላይ ወጥቼ ወጋሁት። ስለቱ እስከ እጀታው ገባ። ምንም አልገፋሁም።

«የልጆቹ አልጋ ከዚህ በላይ ነው» አሉ። «ሦስቴ ተናገርኩ። ሁለቴ ልጆቹን ሌላ ክፍል አስተኟቸው ብዬ ለመንኩ። መሐንዲሱ መጣ፣ መሃሉን በመዶሻ ቆረቆረ፣ ጤነኛ ነው አለ። መሃሉማ ጤነኛ ነው! እንጨት የሚበሰብሰው ግድግዳ ውስጥ የገባው ጫፉ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አያይም። አማቼ መሐንዲሱን አመነ። አልፈረድኩበትም፤ እኔ ጣሪያ የማይ ሽማግሌ ነኝ።»

«ከጨረሱ በኋላስ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ብነግረው ያኔውኑ ለሳሎኔ ብሎ ያወርደዋል። በእርጥቡ ከተነካ ልጆቹ ይመጣሉ ከነአልጋቸው። ሰባት ቀን ብቻ ነው የፈለግኩት። እስከዚያ እኔ ከሥሩ እተኛለሁ።» ድንገት አዩኝ። «አንተ ግን ለጠፋ ብረት ይህን ያህል ምን ያመላልስሃል?»

ያኔ ገባኝ። እንዳይጨነቁ ተብሎ አልተነገራቸውም።

«አባባ፣ በዚህ ጉዳይ ሰው ታስሯል። ፎርማኑ።»

አልጋውን ይዘው ተነሡ። ካፖርታቸውን ከድጋፉ ላይ አወረዱ። «ሚስቱ ልትወልድ... ውሰደኝ! አሁኑኑ እኔን እሰረኝ! ያ ልጅ እኮ በእኔ እጅ ነው ያደገው፣ ሙያውን የሰጠሁት እኔ ነኝ!»

«ያውቃል» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ሰኞ ዕለት ክሪኮቹን አይቶ፣ ሲሚንቶውን ጫረ። ረቡዕ ቀኑን ስጠይቀው እኔ ሦስት ስል እሱ አራት አለኝ። ከታሰረበት አይደለም የሚቆጥረው። እርስዎ ከጠቀጠቁበት ነው።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ካፖርቱን ፊታቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። እኔም መስኮቱን ሳይ ቆየሁ፤ ዓይኔ ደህና አልነበረም።

ከሰዓት በፊት አለቃዬ ፊት ቆሜ በፎርማኑ ላይ አንድም ማስረጃ የለኝም፣ ይለቀቅ አልኩ። ብረቱስ አለኝ። ነገ ከሰዓት አመጣዋለሁ አልኩ። ለአንድ ቀን ሲባል ለአለቃዬ እውነቱን ስደብቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ አልጸጸትም።

ፎርማኑን ራሴ ከፈትኩለት።

«ነገ ሰባተኛው ነው» አልኩት።

ቆሞ ቀረ። «ማን ነገረዎት?»

«በር። አንተ ግን እንዴት አወቅህ?»

«ክሪኮቹ ራስና ግርጌ ሆነው፣ ጥርሳቸው መሃል ጨርቅ ተደርጎ ነበር የተቀመጡት። እንደዚያ የሚያስቀምጥ ሰው በዓለም ላይ አንድ ነው።» በእጁ ፊቱን አበሰ። «ባለፈው ወር ጫፉ በስብሷል፣ ና እይልኝ ብለውኝ ነበር። ዕቅዱ ላይ የለም ብዬ ሄድኩ። እኔ ብሰማቸው ኖሮ ብቻቸውን አያነሡትም ነበር፣ ኢንስፔክተር። አምስት ቀን መታሰር ለእኔ ሲያንስ ነው።»

«ሂድ አሁን፤ ሚስትህ ጋ ሩጥ» አልኩት። ሮጠ። ደርሶላታል፤ ሴት ልጅ ነች።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ሁላችንም ጠባቧ ክፍል ውስጥ ቆመናል። ኮርኒሱ ወርዷል። ባለቤትየው ብረቱን ሲያይ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። «የኔን ብረት? በገዛ ቤቴ? አባባ፣ እርስዎ...»

ፎርማኑ እጅጌውን ሰበሰበ። መሰላል ላይ ወጥቶ እጁን ግድግዳው ውስጥ ሰደደ፣ ከአሮጌው ወራጅ ጫፍ አንድ እፍኝ ዘግኖ ወረደና ባለቤትየው መዳፍ ላይ አስቀመጠለት። እንጨት አልነበረም። በጣቶቹ መሃል እንደ ዱቄት ፈሰሰ። ሰውየው እጁን አየ፣ ቀና ብሎ የልጆቹን ወለል አየ፣ እንደገና እጁን አየ። ሚስቱ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ሽማግሌው ለፎርማኑ አመለከቱት። «አንተ ፍታው ልጄ። የኔ እጅ በቃው።»

የመጀመሪያውን ድጋፍ ቀስ ብሎ ላላው። ከዚያ ሁለተኛውን። ድጋፎቹ ተነሡ። ብረቱ አልተንቀሳቀሰም። ሽማግሌው መዶሻ ተቀብለው መሃሉን አንዴ መቱት፤ ድምፁ ንጹሕና ረጅም ሆኖ በቤቱ ሁሉ ዞረ፤ ደረቴ ውስጥ ድረስ ተሰማኝ። ከላይ መንታዎቹ ሰሙትና መዝለል ጀመሩ። አቧራ እንኳን አልወረደም።

ፋይሉ ላይ የጻፍኩት አጭር ነው፦ ዕቃው ከቤቱ አልወጣም፤ ወንጀል አልተፈጸመም። ሳጅኗ እንደዚያ ያለ ሪፖርት አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ።

ፎርማኑ ወንበሮች አስገብቶ ልክ ከብረቱ ሥር ደረደረ፤ ምሳ ቀረበ። ሽማግሌው ተቀመጡ፣ ልጃቸው ተቀመጠች፣ እኔና ሳጅኗም ተቀመጥን። ባለቤትየው በሩ ላይ ቀረ፤ ዱቄቱን ገና ከእጁ አላራገፈውም።

«አባባ» አለ በመጨረሻ። ሌላ ነገር ሊል ፈልጎ አልሆነለትም። «ሳሎኑስ ታዲያ?»

«ሌላ ብረት ግዛ» አሉት ሽማግሌው እየጎረሱ። «ይሄኛው ሥራ ይዟል።»

ሰውየው ወንበር ይዞ ገባ። ልክ መሃሉ ሥር፣ ከአማቱ ጎን አስቀመጠውና ተቀመጠ።